በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ መሥራት፦ የ20 ሰዓቱ ደንብ ምን ይፈቅዳል? ምንስ ይከለክላል?

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባደድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አዲሱን የትምህርት ዘመን ይጀምራሉ። በተማሪ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣቶችም ሻንጣቸውን ፈትተው ሳይጨርሱ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ "እየተማርኩ መሥራት እችላለሁ?"

አጭሩ መልስ "አዎ" የሚል ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት ሳይበልጥ መሥራት ይፈቀዳል። ዝርዝሩ ግን በርካታ ጥያቄዎችን ያስነሣል። "ግቢ" የሚባለው እስከየት ድረስ ነው? ሁለት ሥራ ያለው ተማሪ ሰዓቱ እንዴት ይቆጠርበታል? ቅዳሜና እሑድ ዘመድ በከፈተው ምግብ ቤት ማገዝስ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመለከተውን ደንብ ሳያውቅ የጣሰ ተማሪ የሚያጣው ሥራውን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የመቆየት መብቱንም ሊያጣ ይችላል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ከብዷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በዚያ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዱ በፊት አንድ ዶላር በባንኮች ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ ይመነዘር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገቢው በብር የሆነ ቤተሰብ፣ የልጁ የትምህርት ክፍያ አንድ ዶላር እንኳ ባይጨምር፣ ወጪው በእጥፍ ገደማ አድጎበታል። ክፍተቱን በራሱ ጉልበት ለመሙላት የሚነሣ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ የ20 ሰዓት ገደብ ነው።

ደንቡ የሚመለከተው ማንን ነው?

ለዲግሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አብዛኞቹ የውጭ አገር ተማሪዎች የሚይዙት ኤፍ-1 የተባለውን ቪዛ ነው። የኤፍ-1 ተማሪ በግቢ ውስጥ ለመሥራት ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተለየ የሥራ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅበትም። በሙሉ ጊዜ ተማሪነት መመዝገቡና ሕጋዊ ይዞታውን አክብሮ መቆየቱ ይበቃል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሙሉ ጊዜ ማለት በአብዛኛው በአንድ ሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ ነው። አዲስ ተማሪ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ሥራ መጀመር ይችላል፤ ከዚያ ቀድሞ ግን አይፈቀድለትም።

ጄ-1 በተባለው የልውውጥ ቪዛ የሄዱ ተማሪዎችም በተመሳሳይ የሰዓት ገደብ መሥራት ይችላሉ። ልዩነቱ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ፕሮግራሙን ከሚያስተዳድረው ኃላፊ በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ያለባቸው መሆኑ ነው። የኤፍ-1 ተማሪ ባል ወይም ሚስት ሆኖ በኤፍ-2 ቪዛ የሄደ ሰው ግን በግቢ ውስጥም ሆነ ከግቢ ውጭ ተቀጥሮ መሥራት አይችልም።

በዲቪ ሎተሪ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ያገኙ፣ በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተሰጣቸው ተማሪዎችን የ20 ሰዓቱ ገደብ አይመለከታቸውም። ለእነርሱ ስለተዘጋጀው ሌላ ዕድል ወደ በኋላ እንመለሳለን።

"ግቢ" እስከየት ድረስ ነው?

የቤተ መጻሕፍት ረዳትነት፣ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ በተማሪዎች ካፍቴሪያ ማስተናገድ፣ በመኝታ ሕንፃ መግቢያ ላይ ተራ መጠበቅ፣ የኮምፒውተር ድጋፍ መስጠትና ደካማ ተማሪዎችን ማስጠናት የተለመዱ የግቢ ሥራዎች ናቸው። ደመወዙን የሚከፍለው የግድ ዩኒቨርሲቲው መሆን የለበትም። በግቢው ውስጥ ለተማሪዎች አገልግሎት የሚሰጥ የግል ድርጅት፣ ለምሳሌ የመጻሕፍት መደብሩን ወይም ካፍቴሪያውን በኮንትራት የያዘ ኩባንያ፣ ተማሪውን ቢቀጥር ሥራው የግቢ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል።

ነገር ግን በግቢው አጥር ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ የግቢ ሥራ አይደለም። ደንቡ ራሱ የሚጠቅሰው ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፦ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሕንፃ የሚገነባ የሥራ ተቋራጭ ለተማሪዎች በቀጥታ አገልግሎት ስለማይሰጥ፣ ለእርሱ ተቀጥሮ መሥራት እንደ ግቢ ሥራ አይታይም። በተቃራኒው ከግቢው ርቆ የሚገኝ፣ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው የትምህርት ወይም የምርምር ሥራ ጋር በይፋ የተሳሰረ ተቋም ውስጥ መሥራት ሊፈቀድ ይችላል። ወሳኙ ነገር ቦታው ብቻ ሳይሆን ሥራው ከተማሪዎችና ከትምህርቱ ጋር ያለው ትስስር ነው።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የሚገኝ ቡና ቤት፣ የነዳጅ ማደያ፣ የመኪና ማቆሚያ ወይም ሱፐርማርኬት ለግቢው ምንም ያህል ቢቀርብ የግቢ ሥራ አይሆንም። በስልክ መተግበሪያ ሰው ወይም ምግብ ማመላለስና በሰው ቤት ልጅ መጠበቅም እንዲሁ።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው፣ በአትላንታ ወይም በሚኒያፖሊስ ዘመድ ወዳለበት ከተማ ለሄደ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቅን ልቦና ተሸፍኖ ነው። ምግብ ቤት ያለው አጎት ወይም ሱቅ ያላት አክስት "ቅዳሜና እሑድ ናና አግዘን፤ ለኪስህ የሚሆን አታጣም" ይላሉ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ መሆኑ፣ ቀጣሪው የሥጋ ዘመድ መሆኑ ወይም ሰዓቱ ጥቂት መሆኑ የሕጉን ትርጉም አይለውጠውም። በመደበኛነት ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ "በነጻ እያገዝኩ ነው" ብሎ መሥራትም ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል?

20 ሰዓት የአንድ ሥራ ሳይሆን ተማሪው በግቢ ውስጥ ያሉት ሥራዎች ሁሉ ድምር ነው። በቤተ መጻሕፍት 12 ሰዓት፣ በካፍቴሪያ ደግሞ 8 ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ጣሪያውን ነክቷል። የካፍቴሪያው አለቃ "ዛሬ ሠራተኛ ቀርቶብኛል፤ ሦስት ሰዓት ጨምርልኝ" ብሎ ሲጠይቀውና እሺ ሲል 23 ሰዓት ይሆናል። አለቃው ተማሪው ሌላ ሥራ እንዳለው ላያውቅ ይችላል። በዩኒቨርሲቲው የደመወዝ መዝገብ ላይ ግን ሁለቱም ሥራዎች በአንድ ስም ሥር ይታያሉ። ሰዓቱን የመቆጣጠር ኃላፊነት በመጨረሻ የሚወድቀው በተማሪው ላይ ነው።

ሰዓትን ከሳምንት ወደ ሳምንት ማቻቻልም አይቻልም። ባለፈው ሳምንት 14 ሰዓት ብቻ የሠራ ተማሪ በዚህ ሳምንት 26 ሰዓት ቢሠራ አማካዩ 20 ቢሆንም ደንቡን ጥሷል። የሥራ ሳምንት የሚጀምርበትን ቀን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ የደመወዝ ሥርዓት ስለሚወስን ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነትም ሥራ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሙሉ የረዳትነት ምደባ በሳምንት 20 ሰዓት ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ ይህን ምደባ የያዘ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በቤተ መጻሕፍት አንዲት ሰዓት እንኳ የሚጨምርበት ቦታ የለውም።

ገደቡ የሚነሣው ትምህርት በይፋ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። በክረምቱ ረጅም ዕረፍትና በሴሚስተሮች መካከል፣ ለቀጣዩ የትምህርት ወቅት ለመመዝገብ ያሰበ ተማሪ በግቢ ውስጥ ሙሉ ጊዜ መሥራት ይችላል። የፈተና ሳምንት ግን ዕረፍት አይደለም። ክፍል ባይኖርም የትምህርት ወቅቱ ስላላለቀ የ20 ሰዓቱ ገደብ ይጸናል።

ሥራው የሚያበቃበትን ቀን ማወቅም ያስፈልጋል። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ መሥራት የሚችለው ሴቪስ በተባለው የመንግሥት የመረጃ ሥርዓት ላይ መዝገቡን በያዘው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። መዝገቡ ወደ አዲሱ ተቋም በተላለፈበት ቀን የቀድሞው ሥራ ይቆማል። ትምህርቱን ያጠናቀቀ ተማሪም አገሩን ለመልቀቅ ወይም ቀጣዩን እርምጃ ለመውሰድ የችሮታ ቀናት ቢሰጡትም፣ በእነዚያ ቀናት በግቢ ሥራው መቀጠል አይችልም።

ቀጣሪው ምን ግዴታ አለበት?

ደንቡ ግዴታ የሚጥለው በተማሪው ላይ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ተማሪን ሲቀጥር የአሜሪካ ነዋሪ የሆነ ሠራተኛን ማፈናቀል የለበትም። የሚከፍለውም ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ማነስ የለበትም። የፌደራሉ ወለል ከእአአ 2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ብዙ ግዛቶችና ከተሞች ግን ከዚህ ከፍ ያለ ወለል ደንግገዋል።

ተማሪው ሥራ በሚጀምርበት ቀን አይ-9 የተባለውን ቅጽ የራሱን ክፍል መሙላት አለበት። ቀጣሪው ደግሞ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነዶቹን አይቶ ቅጹን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። የኤፍ-1 ተማሪ በአብዛኛው የሚያቀርበው ፓስፖርቱን፣ አይ-20 የተባለውን የዩኒቨርሲቲ ሰነድና አይ-94 የተባለውን የመግቢያ መዝገብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ለኤፍ-1 ተማሪ የሚሰጠው ተማሪ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሥራ ስላገኘ ነው። ስለዚህ ሁለት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። አንደኛው የሥራውን ዓይነት፣ የሚጀምርበትን ቀንና የሰዓቱን ብዛት የሚገልጽ የቀጣሪው ደብዳቤ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪነቱንና ሥራውን የሚያረጋግጥ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ደብዳቤ ነው። ሥራው የሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀናት በላይ የሚርቅ ከሆነ ማመልከቻው አይስተናገድም። ቁጥሩ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም፤ ያመለከተ ተማሪ ሥራውን ጀምሮ ቁጥሩን ሲያገኝ ለቀጣሪው ማስመዝገብ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ነገር ጥንቃቄ ይሻል። ከ20 ሰዓት ያለፈን ሥራ "የሚቀጥለው ሳምንት ላይ አስመዝግበው" የሚል አለቃ ቢያጋጥም፣ ተማሪው ይህን ማድረግ የለበትም። የአሜሪካ የደመወዝ ሕግ የተሠራ ሰዓት በተሠራበት ጊዜ እንዲመዘገብና እንዲከፈል ያስገድዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መፍትሔ የሰዓት ጥሰትን ከመሸፈን ይልቅ የሐሰት ምዝገባን ይጨምርበታል።

ከደመወዙ ምን ይቀራል?

በሰዓት 15 ዶላር የሚከፈለው ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ቢሠራ 300 ዶላር ያገኛል። ይህ በ15 ሳምንት ሴሚስተር ከግብር በፊት 4,500 ዶላር ይሆናል። ለምግብ፣ ለመጻሕፍትና ለስልክ ሊበቃ ይችላል። የዓመት የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል ብሎ ማቀድ ግን አያዋጣም።

ለግብር ሲባል "ነዋሪ ያልሆነ" ተብሎ የሚመደብ የኤፍ-1 ተማሪ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት የዘመን መቁጠሪያ ዓመታት፣ ከደመወዙ 7.65 በመቶ የሚቆረጠውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ አይከፍልም። በስሕተት ከተቆረጠበት መጀመሪያ ቀጣሪው እንዲመልስለት መጠየቅ አለበት። የገቢ ግብር ግን ይከፍላል። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ባላቸው የግብር ስምምነት ተማሪዎቻቸው ቅናሽ ያገኛሉ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት ስለሌላት ኢትዮጵያውያን ከዚህ ተጠቃሚ አይደሉም።

በየዓመቱ ሚያዝያ አጋማሽ ከማለፉ በፊት ደመወዝ ያገኘ ተማሪ 1040-ኤንአር የተባለውን የግብር ማሳወቂያ ያቀርባል። 8843 የተባለው ቅጽ ደግሞ ምንም ገቢ ያላገኘ ተማሪም ጭምር የሚሞላው ነው።

ግሪን ካርድ ላላቸው ተማሪዎች

እአአ በ1964 በፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን የወጣ ሕግ አቅም የሌላቸው ተማሪዎች እየሠሩ እንዲማሩ የሚያግዝ የፌደራል ፕሮግራም አቋቁሟል። በዚህ ፕሮግራም መንግሥት የተማሪውን ደመወዝ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ክፍሎች በፕሮግራሙ የታቀፈን ተማሪ መቅጠር ይቀላቸዋል።

ዕድሉ ለአሜሪካ ዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ እንዲሁም በስደተኝነት ለገቡና ጥገኝነት ለተሰጣቸው ተማሪዎች ክፍት ነው። ለማግኘት ፋፍሳ የተባለውን የፌደራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ መሙላትና የገንዘብ ፍላጎትን ማሳየት ያስፈልጋል። ገንዘቡ የተወሰነ በመሆኑ ቀድሞ ማመልከት ይጠቅማል። የተመደበው መጠን ጣሪያ እንጂ ስጦታ አይደለም፤ ተማሪው የሚያገኘው የሠራበትን ሰዓት ያህል ነው። የኤፍ-1 ተማሪዎችና የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰዎች በዚህ ፕሮግራም አይታቀፉም።

ገንዘብ ሲያጥር ያሉ ሕጋዊ መንገዶች

ደንቡ የተማሪው ኑሮ ሳይታሰብ ሊናጋ እንደሚችል ከግምት አስገብቷል። በኤፍ-1 ይዞታ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ያጠናቀቀ ተማሪ፣ ከአቅሙ በላይ በሆነና ባልተጠበቀ ምክንያት ከባድ የገንዘብ ችግር ከገጠመው ከግቢ ውጭ ለመሥራት የሚያስችል ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች መካከል የትምህርት ድጋፍ መቋረጥ፣ የግቢ ሥራ ማጣት፣ ያልታሰበ የሕክምና ወጪና የደጋፊው ቤተሰብ የገቢ መናጋት ይገኙበታል። የምንዛሪ ተመን ከፍተኛ መዋዠቅም በደንቡ በግልጽ ተጠቅሷል።

ይህ ማለት የብር ዋጋ መውረድ የቤተሰቡን አቅም እንዴት እንደጎዳ በሰነድ ማሳየት የሚችል ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚያመለክትበት ሕጋዊ መሠረት አለው ማለት ነው። የባንክ ምንዛሪ ማስረጃ፣ የወላጆች የገቢ ሰነድና የዩኒቨርሲቲው የክፍያ መጠየቂያ ጉዳዩን ያጠናክራሉ። ማመልከቻው በዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ በኩል አልፎ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ ሲሆን ትምህርት ባለበት ወቅት የ20 ሰዓቱን ገደብ አያነሣም። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን የመሥራት መብት አይሰጥም፤ የሥራ ፈቃድ ካርዱ እጅ መግባት አለበት።

ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ብቻ የወጣ ሌላ ልዩ እፎይታም ነበር። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኢትዮጵያ በነበረው ግጭትና ሰብአዊ ቀውስ ምክንያት ከእአአ ዲሴምበር 2022 ጀምሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የኤፍ-1 ተማሪዎች የ20 ሰዓቱን ገደብ አንሥቶ ነበር። ይህ እፎይታ ተራዝሞ የቆየው እስከ ዲሴምበር 12/2025 ነው። የቆየ ጽሑፍ አንብቦ ወይም ቀድሞ የተጠቀመበትን ሰው ሰምቶ "ለእኛ ተፈቅዷል" ብሎ ሥራ መጀመር ስለዚህ አደገኛ ነው።

ከትምህርት መስኩ ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድም ራሱን የቻለ መንገድ አለው፤ እርሱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ ፈቃድ ይፈልጋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለውጭ አገር ተማሪዎችም ክፍት የሆነ የአስቸኳይ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍና በነጻ ምግብ የሚታደልበት ክፍል አላቸው። እነዚህን መጠየቅ ቪዛውን አይነካም።

ደንቡ ቢጣስስ?

ያለ ፈቃድ መሥራት፣ ከ20 ሰዓት ማለፍንም ጨምሮ፣ የተማሪነት ሕጋዊ ይዞታን እንደማፍረስ ይቆጠራል። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ኃላፊው ጥሰቱን ካወቀ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ መዝገቡም በሴቪስ ላይ ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ምክንያት መዝገቡ የተዘጋበት ተማሪ ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ ተማሪ የችሮታ ቀናት አያገኝም።

ክብደቱ ከሌሎች ጥፋቶች ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል። ለምሳሌ በሕመም ምክንያት ከሚፈለገው ክሬዲት በታች የወረደ ተማሪ ምክንያቱን አስረድቶ ይዞታው እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል። ይዞታን ለማስመለስ ከተቀመጡት መስፈርቶች አንዱ ግን አመልካቹ ያለ ፈቃድ ሠርቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። ያለ ፈቃድ የሠራ ተማሪ የሚቀርለት አማራጭ ብዙ ጊዜ ከአገር ወጥቶ በአዲስ አይ-20 እንደገና ለመግባት መሞከር ነው። ይህ ደግሞ ቪዛው ጊዜው ካለፈበት የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አለበት፤ ውጤቱም ዋስትና የለውም። ከዓመታት በኋላ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰውም በአሜሪካ ያለ ፈቃድ ሠርቶ እንደሆነ በማመልከቻው ላይ ይጠየቃል፤ በሐሰት መመለስ ከመጀመሪያው ጥፋት የከፋ መዘዝ አለው።

ሳያውቅ ሰዓት ያሳለፈ ወይም ከግቢ ውጭ የሠራ ተማሪ በመጀመሪያ ሥራውን ማቆም፣ ቀጥሎም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎች ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አላቸው። የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ኃላፊው የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት፣ ስለተፈጸመ ጥሰት ከማነጋገር በፊት የጠበቃን ምክር መስማት ተገቢ ነው። ሥራ ገና ለመጀመር ለሚያስብ ተማሪ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ወደዚያው ቢሮ ሄዶ ሥራው የሚፈቀድ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ ከዚያም የሠራውን ሰዓት በየሳምንቱ በራሱ ማስታወሻ መመዝገብ።